ልጄ የአፈር መሐንዲስ ቢሆንስ?



በአሽዶድ ከተማ በየሮቫዑ ስንዘዋወር ክሬን ሳናይ ወደ ቤታችን የምንመለስበት ቀን ጥቂት ነው። ሕንፃው ፎቅ በፎቅ ሲያድግ ቆመን እናያለን፤ ልጆቻችንም ፎቁን ይቆጥሩታል። ከክሬኑ ብዙ ወራት በፊት ግን ሌላ መኪና ወደዚያው ባዶ ቦታ መጥቶ ነበር። ረጅም የብረት ዘንግ ያለው፣ መሬቱን በጥልቀት የሚበሳ መኪና ነው። ጥቂት ቀን ሠርቶ፣ ከየጥልቀቱ ያወጣውን አፈር በከረጢትና በቱቦ አሽጎ ይሄዳል። አላፊ አግዳሚው ልብ አይለውም። ነገር ግን ሕንፃው ቀጥ ብሎ ለዘመናት እንዲቆም ከተፈለገ ያ አፈር አስቀድሞ በሚገባ መመርመር አለበት።

ይህን ምርመራ የሚመራው ባለሙያ የአፈርና የመሠረት መሐንዲስ፣ በዓለም አቀፍ ስሙ ጂኦቴክኒካል መሐንዲስ ይባላል። በዕብራይስጥ መሐንዴስ ቃርቃዕ ወይም ዮዔጽ ቃርቃዕ ሲሉት እንሰማለን። «መሐንዲስ» የሚለው ቃል በሁለቱ ቋንቋዎች አንድ መሆኑን ልብ ይሏል። በዚህ ጽሑፍ ስለ ሙያው ምንነት፣ ስለሚጠይቀው ትምህርትና ስለ ሥራው ዕድል እናብራራለን።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ። እንዲህ ያለ ንግግር በአንዳችን ቤት ቢሰማ አይገርምም።

«እማዬ፣ የአፈር መሐንዲስነት ልማር ነው።»

«አፈር? እኛ እናንተን ከአፈር ሥራ ልናወጣ ይህን ሁሉ አገር አቋርጠን መጣን። አንተ ተመልሰህ ልትገባበት ነው እንዴ ልጄ?»

የእናቲቱ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። በኢትዮጵያ አፈር ማለት ሞፈርና ቀንበር፣ ድካምና እጦት ነበር። ለሸክላ ሠሪዎቻችንና ለቀጥቃጮቻችን ደግሞ ከድካሙ በላይ ንቀት ነበረበት። ስለዚህ መልሱን በቅን ልንሰጣት ይገባል።

መሐንዲሱ ምን ይሠራል?

የማንኛውም ሕንፃ፣ ድልድይ ወይም መንገድ ክብደት በመጨረሻ የሚያርፈው በመሬት ላይ ነው። ብረትና ሲሚንቶ በፋብሪካ በልክ ተሠርተው ይመጣሉ። መሬት ግን በልክ አትታዘዝም፤ በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳ በአንዱ ጥግ ጠንካራ፣ በሌላው ጥግ ልል ሆና ትገኛለች። በመሆኑም መሐንዲሱ አስቀድሞ ጠባይዋን ማወቅ አለበት። ሥራው በሦስት ቦታ ይከናወናል።

አንደኛው በሜዳ ነው። መሬቱ ይበሳል፤ በየጥልቀቱም ጥንካሬው ይለካል። በብዙ አገር የሚሠራበት አንድ ቀላል መለኪያ አለ። 63.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ፣ የናሙና መያዣው ብረት 30 ሳንቲ ሜትር እንዲገባ ስንት ጊዜ መምታት እንዳስፈለገ ይቆጠራል። በአሸዋ ውስጥ ቁጥሩ ከ10 በታች ከሆነ አሸዋው ልል ነው፤ ከ50 በላይ ከሆነ ደግሞ እጅግ የጠጠረ ነው።

ሁለተኛው በቤተ ሙከራ፣ በዕብራይስጥ መዕባዳ በሚባለው ነው። አፈሩ በወንፊት ይነፋል፣ እርጥበቱ ይመዘናል፣ እስኪሸሽ ወይም እስኪሰበር ድረስ ይጫናል።

ሦስተኛው በቢሮ ነው። መሐንዲሱ ስሌቱን ሠርቶ ዱዋሕ ቃርቃዕ የሚባለውን የአፈር ዘገባ ይጽፋል። በዘገባው ውስጥ መሠረቱ ምን ዓይነት እንደሚሆን፣ እስከ ስንት ሜትር እንደሚወርድ፣ ጉድጓዱ ሲቆፈር የጎረቤት ቤት እንዳይጎዳ ምን እንደሚደረግ፣ ውሃውም በየት በኩል እንደሚወጣ ይዘረዝራል። የሕንፃውን አካል የሚነድፈው መሐንዲስ፣ ኮንስትሩክቶር የሚባለው፣ መሠረቱን የሚነድፈው በዚህ ዘገባ ላይ ተመርኩዞ ነው።

አሽዶድና አሸዋዋ

እንደሚታወቀው ከተማችን አሽዶድ በ1956 ዓ.ም. በባሕር ዳር የአሸዋ ክምር ላይ ተቆረቆረች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች መካከል ከሞሮኮ የመጡ ዖሊም ቤተሰቦች ነበሩ። አሸዋውም ቢሆን ከሩቅ የመጣ ነው። የናይል ወንዝ ወደ ሜዲትራንያን ባሕር ያፈሰሰውን አሸዋ ሞገድ እየገፋ ለብዙ ሺህ ዓመታት ወደዚህ ዳርቻ አምጥቶታል። ለናይል ደለል ትልቁን ድርሻ የሚሰጠው ደግሞ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ዓባይ ነው። ስለዚህ በአሽዶድ ዳርቻ ከምንረግጠው አሸዋ ውስጥ ከእኛ ቀድሞ ከዚያው አገር የመጣ ድርሻ አለበት ማለት ነው።

«በአሸዋ ላይ እንዴት ቤት ይቆማል?» የሚል ይኖራል። በጆንያ ተጠቅጥቆ የታሰረ እህል ሰው ቢቆምበት ይሸከማል፤ ፍሬዎቹ እርስ በርስ ስለሚደጋገፉ ነው። ጆንያው ሲፈታ ግን ይፈስሳል። አሸዋም እንደዚሁ ነው። የጠጠረና ከዙሪያው የተያዘ ከሆነ ትልቅ ሸክም ይችላል። ልል ከሆነ፣ ውሃ ከሥሩ ጠርጎ ከወሰደው ወይም አጠገቡ ያለ ጥንቃቄ ከተቆፈረ ግን ይናዳል። በውሃ የተሞላ ልል አሸዋ የምድር መናወጥ ሲያጋጥመው ፍሬዎቹ መደጋገፋቸውን ትተው እንደ ፈሳሽ ይሆናል። በእስራኤል ምሥራቅ በዮርዳኖስ ሸለቆና በሙት ባሕር በኩል የመሬት ስንጥቅ የሚያልፍ በመሆኑ፣ መሐንዲሱ ይህንንም አስቦ ማስላት አለበት። ስለ ምድር መናወጥ የወጣው የእስራኤል የሕንፃ ደንብ ቁጥሩ 413 ነው።

ለረጃጅም ሕንፃዎች ደግሞ ክሎንሳኦት የሚባሉት የኮንክሪት ምሰሶዎች ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ። በአሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ሲቆፈር፣ በተለይ የከርሰ ምድር ውሃ ካለ፣ ግድግዳው ይደረመሳል። ይህን ለመከላከል አንዱ ዘዴ ጉድጓዱን ቤንቶናይት በሚባል ቀጭን የሸክላ ጭቃ መሙላት ነው። ጭቃው የጉድጓዱን ግድግዳ ደግፎ ይይዛል፤ ኮንክሪቱ ከታች ሲሞላ ጭቃው ወደ ላይ ይወጣል።

የአሽዶድ ወደብም የዚህ ሙያ ትልቅ ምስክር ነው። በዚህ ዳርቻ መርከብ የሚጠለልበት የተፈጥሮ ባሕረ ሰላጤ የለም። ስለዚህ ድንጋይና የኮንክሪት ብሎክ በባሕሩ ወለል ላይ ተከምሮ ሞገድ የሚሰብር ግድግዳ ተሠራ። ሥራው በ1961 ተጀምሮ ወደቡ በ1965 ተከፈተ። በ2014 ደግሞ የእስራኤል ወደቦች ኩባንያ የደቡቡን አዲስ ወደብ ማስገንባት ጀመረ። ያ ሁሉ ክብደት በባሕር ወለል አሸዋ ላይ ሲያርፍ ምን ያህል እንደሚሰምጥ አስቀድሞ ማስላት የአፈር መሐንዲሶች ድርሻ ነው።

እናቶቻችን የሚያውቁት ፈተና

አሁን ወደ እናቲቱ ጥያቄ እንመለስ። በማንኛውም የአፈር ቤተ ሙከራ በየቀኑ የሚሠራ አንድ ፈተና አለ። የስዊድኑ ኬሚስት አልበርት አተርበርግ በ1911 ገደማ ያወጣው ነው። አፈሩ በውሃ ይለወሳል፤ ከዚያም በመስተዋት ላይ በመዳፍ እየተንከባለለ እንደ ክር ይቀጥናል። ውፍረቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መሰባበር ከጀመረ በውስጡ ያለው የውሃ መጠን ይመዘናል። ከዚህ ቁጥር መሐንዲሱ አፈሩ ሸክላነቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ በውሃ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ይረዳል።

በጎንደር አካባቢ ሸክላ የሠሩ እናቶቻችን ይህን ሲያነቡ ፈገግ ሊሉ ይችላሉ። ጭቃውን በመዳፋቸው አንከባልለው «ይህ ጠጥቷል፣ ይህ ገና ነው፣ ይህ ይሰነጠቃል» የሚሉት ሚዛን ሳይዙ ነበር። ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ይቀላቅሉበት ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደጻፉትም አባቶቻችን በጎንደር ነገሥታት ዘመን በግንበኝነትና በአናጢነት አገልግለዋል። ለዚህ ዕውቀት የተሰጣቸው ዋጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ስም ነበር። ዛሬ ይኸው ዕውቀት በዩኒቨርሲቲ በክብር ይሰጣል፤ ቁጥርና ቀመር ተጨምሮበታል።

ገበሬ አባቶቻችንም የሚያውቁት አለ። ይኸውም ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለጠፋል። በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ የተሠራ ቤት ካለ፣ አፈሩ ሲያብጥ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ሲኮማተር ይለቀዋል፤ ግድግዳው በዚህ ምክንያት ይተረተራል። በአዲስ አበባ በቦሌና በአቃቂ በኩል ይህ አፈር የታወቀ ችግር ነው። በእስራኤልም ሐርሲት የሚባለው ተመሳሳይ አፈር በኢይዝርኤል ሸለቆ (ዔሜቅ ይዝርዔል) በሰፊው ይገኛል። በ1973 ስለሚያብጥ አፈር የመከረ ዓለም አቀፍ ጉባኤ በሐይፋ ተደርጓል። ከመፍትሔዎቹ አንዱ ሕንፃውን ወደ ጥልቁ በሚወርዱ ምሰሶዎች ላይ ማቆምና ከወለሉ ሥር ባዶ ቦታ መተው ነው፤ አፈሩ ቢያብጥ ባዶውን ቦታ ይሞላል እንጂ ቤቱን አያነሣም።

ስሕተት ምን ያስከፍላል?

በኢትዮጵያ ወደ 26 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የግልገል ጊቤ ሁለት የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ዋሻ ሲቆፈር፣ በ2006 ጭቃና የላላ አለት መቆፈሪያውን ማሽን ገፍቶ ሥራውን ለረጅም ጊዜ አስተጓጎለ። በጥር ወር 2010 ከተመረቀ በኋላ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰ። በሐምሌ ወር 2024 በጎፋ ዞን ከዝናብ በኋላ ተራራ ተንሸራትቶ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ወገኖች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው መጣ።

ይህን የምንጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። ቁልቁለቱ ከመናዱ በፊት ስንጥቁን መለካት፣ ውሃውን ማፍሰስ፣ «ከዚህ ተነሡ» ብሎ በጊዜ መናገር የዚህ ሙያ ሥራ ስለሆነ ነው። ሐኪም በአንድ ጊዜ አንድ በሽተኛ ያያል። የአፈር መሐንዲስ ፊርማ ግን በአንድ ሕንፃ የሚተኙትን ቤተሰቦች ሁሉ ይመለከታል።

የትምህርቱ መንገድ

መንገዱ ረጅም መሆኑን ከመጀመሪያው መናገር ይገባናል። ይሁንና የታወቀ መንገድ ነው።

የመጀመሪያው በር የሚከፈተው ወይም የሚዘጋው ብዙዎቻችን በማናስበው ጊዜ፣ ልጁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሲጀምር ነው። በባግሩት ፈተና ሒሳብ በ3፣ በ4 ወይም በ5 የሒዶት ይሰጣል። ለምሕንድስና የሚመች 5 ነው፤ 4 ይዞም የሚገባበት ቦታ አለ። በ3 ብቻ የጨረሰ ልጅ ግን በኋላ ማሟላት ይኖርበታል። ፊዚክስም እጅግ ይጠቅማል። አዲስ የገባ ልጅ ዕብራይስጡ ስላልጠና ብቻ ወደ ዝቅተኛው ሒሳብ እንዳይመደብ ወላጆች መምህሩን ጠይቁ። «ልጄ የጎደለው ቋንቋ ነው ወይስ ሒሳብ?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። አስተርጓሚ ካስፈለገም ከትምህርት ቤቱ ጠይቁ።

ባግሩቱ የጎደለው ወጣት መኺና በሚባለው የዝግጅት ትምህርት ማሟላት ይችላል። ከወታደራዊ አገልግሎት በፊት መማር ለሚፈልግና ለሚመረጥ ደግሞ ዓቱዳ የሚባል መንገድ አለ፤ ተማሪው መጀመሪያ ዲግሪውን ይይዛል፣ በኋላ በሙያው ያገለግላል። ሃንዳሳ ክራቪት ተብሎ የሚጠራው የጦር ክፍል ግን ከዚህ የተለየ መሆኑን ልብ በሉ፤ ስሙ ቢመሳሰልም የመሐንዲስነት ዲግሪ አይሰጥም።

ቀጥሎ የሲቪል ምሕንድስና ዲግሪ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 4 ዓመት ይፈጃል። በሐይፋ ከ1924 ጀምሮ የሚያስተምረው ቴክኒዮን፣ በቤኤር ሸቫ የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ፣ የአሪኤል ዩኒቨርሲቲና የሳሚ ሻሙን የምሕንድስና ኮሌጅ ይህን ትምህርት ይሰጣሉ። ሳሚ ሻሙን ኮሌጅ በቤኤር ሸቫም በአሽዶድም ግቢ ስላለው፣ የትኛው ትምህርት በየትኛው ግቢ እንደሚሰጥ ከመመዝገባችሁ በፊት ኮሌጁን ጠይቁ። በአፈርና በመሠረት ልዩ ዕውቀት ለመያዝ የሚፈልግ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ዲግሪ ይጨምራል። ስለ ክፍያ እርዳታ ደግሞ ሚንሃል ሃስቱደንቲም የሚባለውን ለዖሊም ተማሪዎች የተቋቋመ መሥሪያ ቤት ማነጋገር ይገባል። እርዳታው ከዓሊያ በኋላ ባለፈው ጊዜና በዕድሜ ስለሚወሰን ሳይዘገይ መጠየቅ ይበጃል።

ዲግሪው ሩቅ ለሚመስለው ሌላ በር አለ። ይኸውም ሃንዴሳይ መሆን ነው። የሃንዴሳይ ትምህርት ወደ 2 ዓመት ያህል ሲሆን ሙያው በ2012 በወጣ ሕግ የታወቀ ነው። ሃንዴሳይ በሕንፃ ሥራ ቦታ ይቆጣጠራል፣ በቤተ ሙከራ ይሠራል፤ እየሠራም ወደ ዲግሪ መቀጠል ይችላል።

ዲግሪ ይዘው ለመጡ

ከመካከላችን በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በጎንደር ወይም በሌላ ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምሕንድስና ተምረው የመጡ አሉ። ፕሮፌሰር ዓለማየሁ ተፈራና መስፍን ለይኩን ያዘጋጁትን የአፈር ሜካኒክስ መጽሐፍ አንብበው የተፈተኑ ሊሆኑ ይችላሉ። እነዚህ ወገኖች «እዚህ አገር ዲግሪዬ ዋጋ የለውም» ብለው በጽዳት ወይም በጥበቃ ሥራ እንዲቀሩ አንመክርም። የአፈር ሕግ በኢትዮጵያም በእስራኤልም አንድ ነው።

በ1958 በወጣው የመሐንዲሶችና የአርክቴክቶች ሕግ መሠረት መሐንዲስ በፒንቃስ ሃመሐንዴሲም መመዝገብ አለበት። የተመዘገበው መሐንዴስ ራሹም ይባላል። ከዚያም ቢያንስ 3 ዓመት የሥራ ልምድ አግኝቶ የሚፈለገውን ፈተና ሲያልፍ ፈቃድ ያለው፣ መሐንዴስ ራሹይ፣ ይሆናል። ለምዝገባው ዋናውን ዲፕሎማ፣ የውጤት ዝርዝርና የተረጋገጠ ትርጉም ያዘጋጁ። ወረቀቱ በኢትዮጵያ የቀረ ከሆነ ዘመድ ከዩኒቨርሲቲው እንዲያወጣ ውክልና ቶሎ መላክ ይሻላል። ዕብራይስጡ እስኪጠና ድረስ በመዕባዳ ወይም በሜዳ ቁፋሮ ክትትል ሥራ መጀመር ይቻላል፤ የሙያውን ቃላት የሚያስለምድ ጥሩ ኡልፓን ነው።

የሥራው ዕድል እንዴት ነው?

የአፈር መሐንዲስ በአማካሪ ቢሮ፣ በሥራ ተቋራጭ፣ በቤተ ሙከራ፣ በመንገድ፣ በባቡርና በወደብ ድርጅቶች ይቀጠራል። እስራኤል ትንሽ አገር ስለሆነች ወደ ላይና ወደ ታች ለመሥራት ትገደዳለች። በ2018 የተከፈተው ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄደው ፈጣን ባቡር 11.6 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ውስጥ ያልፋል። በቴል አቪቭ አካባቢ በ2023 የተከፈተው ቀዩ የባቡር መስመር በከፊል ከመሬት በታች ይሄዳል፤ ለሜትሮው ግንባታም በ2021 ሕግ ወጥቷል። አሮጌ ሕንፃዎች እየፈረሱ ረጃጅሞች ይተካሉ። ይህ ሁሉ የአፈር ዘገባ ሳይጻፍ አይጀመርም።

የሚከብደውንም መደበቅ አይገባም። የግንባታ ሥራ አንዳንድ ጊዜ ይቀዘቅዛል፤ በ2023 ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ ብዙ የሥራ ቦታዎች በሠራተኛ እጥረት ቆመው ነበር። ጀማሪ መሐንዲስ በፀሐይና በጭቃ ውስጥ በማለዳ ይቆማል። ዘገባው በጥሩ ዕብራይስጥ መጻፍ አለበት፤ የሙያው መጻሕፍት ደግሞ አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። ስሌቱን ኮምፒዩተር ያግዛል፤ ለኮምፒዩተሩ የሚሰጠውን ቁጥር የሚመርጠውና ውጤቱን «ይህ ከሜዳው ጋር አይስማማም» የሚለው ግን አፈሩን በእጁ የነካ ሰው ነው።

ሴቶች ልጆቻችንም ይህን ሙያ ለወንዶች ብቻ አድርገው እንዳያዩት እናሳስባለን። በእኛ ዘንድ የሸክላን ጠባይ ከማንም በላይ ያወቁት ሴቶች ነበሩ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ወደ አፈር ልመለስ ቢላችሁ አትደንግጡ። በቅድሚያ ስንት የሒዶት ሒሳብ እንደሚማር ጠይቁት። ከዚያ ጊዜ ሲኖራችሁ አብራችሁ ውጡና ከግቢያችሁ እፍኝ አፈር አንሡ፤ በውሃ ለውሳችሁ በመዳፋችሁ አንከባሉት። እናንተ በእጃችሁ የምታውቁትን እርሱ በቁጥር ይማረዋል። የአሽዶድ አሸዋ ግን ክር አይሆንላችሁም፤ ይበተናል። ለምን እንደሚበተን ልጃችሁ ይንገራችሁ፤ ካላወቀም ሄዶ ይጠይቅ።

ለልጆቻችን መልካም የትምህርት ዘመን እንመኛለን።